ለአለቃዬ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?

«ጤና ይስጥልኝ። የሂሳብ አገልግሎት በሚሰጥ አንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬን አልጠላውም፤ አለቃዬም ክፉ ሰው አይደለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ማታ ማታ የራሴን ሥራ እሠራለሁ። የአነስተኛ ነጋዴዎችን ደረሰኝ ሰብስቤ መዝገባቸውን አስተካክላለሁ። በየወሩ ምን እንደገባ፣ ምን እንደወጣ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት በአንድ ገጽ አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ። አሁን አራት ደንበኞች አሉኝ። ሦስቱ በሰው በሰው የመጡ ናቸው። አራተኛው ግን መሥሪያ ቤታችን የመጣ ሰው ነው። ዋጋው ከብዶት ሲወጣ ኮሪደር ላይ አገኘሁትና ስልኬን ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃዬን ቀና ብዬ ማየት ያሳፍረኛል።

ከቢሮ ወጥቼ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ በሳምንት አምስት ቀን ሦስት ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ስድስት ሰዓት እሠራለሁ። ቅዳሜ ልጄ ከጎኔ ነው። አራት ዓመቱ ነው። አንድ ቁጥር በጻፍኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ እመልሳለሁ። ወር መጨረሻ ሲደርስ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እቆያለሁ። ሲጨንቀኝ ምሳ ሰዓት ላይ በቢሮዬ ላፕቶፕ የደንበኞቼን ሥራ የሠራሁበት ጊዜም አለ።

ባለቤቴ ‹ልቀቂና በደንብ ሞክሪው› ይለኛል። እናቴ ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል› ትለኛለች። ወንድሜ ቢሮ እንድከራይ ሊያበድረኝ ተዘጋጅቷል። ሥራዬን ልልቀቅ? ለአለቃዬ ልንገረው? ብድሩንስ ልውሰድ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

ከሁለቱ መሀል ያለሁት

እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። ለአለቃሽ ንገሪው። ብድሩን አትውሰጂ። ማብራሪያዬን ግን በዚህ ቅደም ተከተል አላቀርብልሽም። ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ በላይ እኔን ያሳሰበኝ በመሀል ጣል ያደረግሽው የኮሪደሩ ነገር ነው።

ያ ሰው ስልክሽን የተቀበለው መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ነው። እዚያ የመጣው የድርጅቱን ስም ሰምቶ ነው። ዋጋው ከብዶት መውጣቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን አለቃሽ ዋጋ ቀንሶ መልሶ ሊጠራው አስቦ ሊሆን ይችላል። ላያስብም ይችላል። የመወሰን ዕድሉን ግን አላገኘም፤ አንቺ ወሰንሽለት። ማታ መሥራትሽን ማንም ሰው በሐቅ ሊከራከርልሽ ይችላል። በሰው በሰው ስለመጡት ሦስት ደንበኞችም እንዲሁ። ስለ አራተኛው ግን የሚከራከርልሽ አታገኚም። አንቺም ይህን ስለምታውቂ ነው ቀና ብለሽ ማየት ያቃተሽ። ይህን መደበቅ ትችይ ነበር፤ ሳትደብቂ ስለጻፍሽልኝ አከብርሻለሁ።

ከቅጥር ሥራ ጎን የራስን ሥራ መጀመር ምንም ነውር የለበትም። እኔ የምፈራልሽ መደበቁን ነው። ተደብቆ የሚሠራ ሥራ አያድግም። እስቲ አስቢው፤ ስምሽን አውጥተሽ ማስተዋወቅ አትችይም። ደንበኛሽ ለወዳጁ «እገሊት ጎበዝ ናት» ሲል ደስ ከማለት ይልቅ ትደነግጪያለሽ። አዲስ ሰው በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የምታስቢው «አለቃዬን ያውቀው ይሆን?» ብለሽ ነው። ዋጋ ለመጨመርም አንደበትሽ ይታሰራል፤ ያኮረፈ ደንበኛ ወሬ ያወጣብኛል ብለሽ ትሰጊያለሽ። አራት ደንበኛ ላይ ሆነሽ እንዲህ ከከበደሽ አሥር ላይ አይቻልም። ስለዚህ ለአለቃሽ መንገር ሥራሽ ከአራት ደንበኛ እንዲያልፍ ከፈለግሽ የማይቀር እርምጃ ነው።

ከመንገርሽ በፊት ግን የቅጥር ውልሽን አውጪና አንብቢ። ስትቀጠሪ ፈርመሽ መሳቢያ ውስጥ የከተትሽውን ወረቀት ማለቴ ነው። ካጣሽው ከሰው ኃይል ክፍል ቅጂ ጠይቂ። የድርጅቱን የውስጥ ደንብም ጨምሪ፤ ብዙ ጊዜ ክልከላው ውሉ ላይ ሳይሆን ደንቡ ውስጥ ነው የሚገኘው። ሌላ ሥራ ለመሥራት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል? ከድርጅቱ ጋር የሚወዳደር ሥራ ይከለክላል? በቅጥር ላይ እያለሽ የሠራሽው ነገር የማን ነው ይላል? ከለቀቅሽ በኋላስ የድርጅቱን ደንበኞች እንዳትቀርቢ የሚያግድሽ ጊዜ አለ?

ሥራው የማን ነው የሚለውን ሰዎች ሳያነቡት ያልፋሉ። አንድ ታሪክ ልንገርሽ። የባርቢ አሻንጉሊት ባለቤት በሆነው በማቴል ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ዲዛይነር ነበር። ብራትዝ የተባሉትን አሻንጉሊቶች ሐሳብ ይዞ ኤምጂኤ ወደተባለ ተፎካካሪ ኩባንያ ሄደ። አሻንጉሊቶቹ እ.ኤ.አ. በ2001 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ገበያ ላይ ወጡ፤ በጣም ተሸጡ። ማቴል በ2004 ክስ መሠረተ። ክርክሩ ካረፈባቸው ነጥቦች አንዱ ውሉ ላይ ያለች አጭር ሐረግ ነበረች፤ ሠራተኛው «በቅጥር ላይ ባለበት በማንኛውም ጊዜ» የፈጠረው የኩባንያው ነው የምትል። ማንኛውም ጊዜ ሲባል ማታና ቅዳሜ እሑድንም ይጨምራል? በ2008 ዳኝነቱን የያዙት ዜጎች ለማቴል 100 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሐረጓ ለሁለት የምትተረጎም ናት ብሎ ውሳኔውን ሻረው። በ2011 እንደገና ታይቶ ማቴል በብራትዝ ባለቤትነት ተረታ። የዓመታት ክርክር ማለት ነው። ያንቺ ጉዳይ እዚያ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። ያዘጋጀሽው የሂሳብ ሠንጠረዥ፣ የጻፍሽው ቅጽ፣ የደንበኞችሽ ዝርዝር ግን አንድ ቀን «የማን ነው?» ሊባል እንደሚችል እንድታውቂ ነው።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያልና ያንቺን አገር ሕግ ራስሽ ማየት አለብሽ። አካሄዱን ግን ላሳይሽ። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው መመሪያ ቀጣሪ ሠራተኛውን ከሥራ ሰዓት ውጪ ለሌላ እንዳትሠራ ብሎ በጅምላ እንዳይከለክል ይደነግጋል። ሆኖም ለጤናና ደኅንነት፣ ለንግድ ምስጢር ወይም ለጥቅም ግጭት ሲባል ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይፈቅዳል። ጃፓን ውስጥ መንግሥት ለድርጅቶች በናሙናነት ያዘጋጀው የሥራ ደንብ ለረጅም ጊዜ ተጨማሪ ሥራን ይከለክል ነበር፤ በ2018 ያ ክልከላ ወጣ። እዚያም ቢሆን ድርጅቱን የሚጎዳ ፉክክርን ቀጣሪው ሊከለክል ይችላል። በካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ አንቀጽ 2870 ሠራተኛ በራሱ ጊዜና በራሱ ዕቃ የፈጠረው የራሱ ነው ይላል፤ ፈጠራው ከቀጣሪው ሥራ ጋር ከተያያዘ ግን ይህ ጥበቃ አይሠራም።

ሦስቱ ላይ የሚመላለሰውን ነገር አየሽ? በራስሽ ሰዓት ሌላ ሥራ መሥራት እየተፈቀደ ነው። ከቀጣሪ ጋር መወዳደር ግን በየቦታው ለብቻው ተለይቶ ይታያል። ያንቺ ሥራ ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነው የወደቀው። ማታ ማታ ልብስ ብትሰፊ ኖሮ ይህን ያህል አላስጨንቅሽም ነበር። ቀን የምትሠሪውን ሙያ ነው ማታ የምትሠሪው። የሂሳብ ባለሙያ መሆንሽም ይጨመርበት። የሂሳብ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ አምስት መሠረታዊ መርሆች አሉት፤ ሐቀኝነት፣ ገለልተኝነት፣ ሙያዊ ብቃትና ጥንቃቄ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሙያውን የማያሰድብ ባሕርይ። የኮሪደሩ ሰው ቢያንስ ሁለቱን ይነካል። በራስ ስም የሂሳብ አገልግሎት ለመስጠት የተለየ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው አገሮችም ብዙ ናቸው። መዝገብ መያዝ ብቻ ከሆነ ላይጠየቅ ይችላል፤ ግብር ማሳወቅና ኦዲት ውስጥ ከገባሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሙያ ማኅበርሽን ጠይቂ።

የቢሮውን ላፕቶፕ ከዛሬ ጀምሮ አትንኪው። ምሳ ሰዓቱ ያንቺ ነው፤ ላፕቶፑ ግን የድርጅቱ ነው። ችግሩ ደግሞ ለአንቺ ብቻ አይደለም። ደንበኞችሽ ምስጢራቸውን ያመኑት አንቺን ነው፤ አሁን ግን ማን ምን ያህል እንደሸጠ የሚያሳይ ፋይል ሌላ ድርጅት ማሽን ላይ ተቀምጧል። ደንግጠሽ ተደብቀሽ እንዳታጠፊው አደራ። ማጥፋቱ በኋላ ሲታይ ከመጀመሪያው ጥፋት የባሰ ይመስላል። ምን ምን ፋይል እንዳለ ጻፊ፤ ለአለቃሽ ስትነግሪው ይህንንም ንገሪው፤ የሚመለከተው ሰው ባለበት ይነሳ።

ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒውተር ሲነድፍ የሂውሌት ፓካርድ ተቀጣሪ ነበር። ንድፉን ይዞ ቀጥታ ወደ ገበያ አልሄደም። መጀመሪያ ለቀጣሪው አቀረበ፤ ኩባንያው አልፈልገውም አለው። አፕል በሚያዝያ 1976 ሲመሠረትም ዎዝኒያክ ገና ከሥራው አልለቀቀም ነበር። ቀድሞ ስለጠየቀ ቀጣሪው በኋላ መጥቶ «ይሄ የእኔ ነው» የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። አንቺም ቀድመሽ ጠይቂ።

እንዴት ትንገሪው? የወር መዝጊያ ሳምንት ላይ አይሁን። ቀጠሮ ያዢና ለብቻው አግኚው። ረጅም መግቢያ አትጠቀሚ፤ መግቢያው በረዘመ ቁጥር የሚያስበው ልትለቂ እንደሆነ ነው። እንዲህ ልትዪ ትችያለሽ፤ «ከሥራ ሰዓት ውጪ ለአነስተኛ ነጋዴዎች መዝገብ መያዝ ጀምሬያለሁ። አራት ደንበኞች አሉኝ። ቀድሜ ልነግርዎ ይገባ ነበር። አንደኛው እዚህ መጥቶ የነበረ ሰው ነው፤ ሳላማክርዎ ስልኬን ሰጥቼዋለሁ፤ ያን ማድረግ አልነበረብኝም። በእሱ ጉዳይ እርስዎ እንዳሉ ይሁን። በቢሮው ላፕቶፕም የተወሰነ ሥራ ሠርቼበታለሁ፤ አቁሜያለሁ። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚፈቀድልኝና ምን እንደማይፈቀድልኝ በግልጽ ማወቅ እፈልጋለሁ።» ይህን ብለሽ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ግን ይናገር። የሰውየውን ስም ከጠየቀሽ ንገሪው።

አንድ ሐሳብ በኪስሽ ይዘሽ ግቢ። ድርጅታችሁ ለትንንሽ ነጋዴዎች ዋጋው ይከብዳል ብለሻል። እንዲህ ከሆነ እነዚህን ሰዎች ድርጅቱ በየጊዜው እየመለሳቸው ነው ማለት ነው። በእሱ ዕውቀትና ፈቃድ አንቺ ብትይዢያቸው፣ ሲያድጉና ኦዲት ሲያስፈልጋቸው ደግሞ ወደ ድርጅቱ ብትልኪያቸው እሱም ይጠቀማል። አስተዋይ አለቃ ይህን ያያል። ንግግሩ እንዳለቀ የተስማማችሁበትን በአጭር ኢሜይል ጻፊለት። ቃል ይረሳል፤ አለቃም ይቀየራል።

እምቢ ሊል እንደሚችል ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ውልሽ ጠንካራ ክልከላ ካለበት እርምጃ ሊወስድብሽም ይችላል። ስለዚህ ውሉን አንብበሽ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሽ ከመናገርሽ በፊት የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሪ። ለአንድ ሰዓት ምክር የምትከፍይው ገንዘብ አይቆጭሽም። እምቢ ካለም በትክክል ምኑን እንደከለከለ ጠይቂ። መዝገብ መያዙን ነው? ግብሩን ነው? ወይስ ሁሉንም? ሁሉንም ካለ ሥራውን ቀይረሽ ነጋዴዎቹ ራሳቸው መዝገብ እንዲይዙ ማሠልጠን ይቻል እንደሆነ ጠይቂው። እሱንም ካልፈቀደ የምትለቂበትን ጊዜ በሰከነ ልብ ትወስኛለሽ። ዝም ብሎ መቀጠል የሚባለው ምርጫ ግን ከዚህ በኋላ የለም።

አሁን ወደ ድካምሽ ልምጣ። ቀን ቢሮ በሳምንት 40 ሰዓት ትሠሪያለሽ ብለን እንያዝ። አምስት ማታ ሦስት ሦስት ሰዓት 15 ነው። ቅዳሜ 6። በድምሩ 61 ሰዓት፤ ያውም ወር መጨረሻ ሳይቆጠር፣ የቤት ሥራና ልጅ ሳይጨመር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ አደጋቸው 35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋቸው 17 በመቶ ከፍ ያለ ነው። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ለአንድ ወር ቢሆን ቻይው እልሽ ነበር። አንቺ ግን ዓመት ሊሆንሽ ነው።

እኔ የምመክርሽ ጣሪያ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ሁለት ማታ ሦስት ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜ ስድስት። ሌሎቹ ማታዎች የእንቅልፍና የቤትሽ ናቸው። ባለቤትሽ «በደንብ ሞክሪው» ሲል ምናልባት የደከመችውን ሚስቱን እያየ ነው፤ ማታዎቹን መልሰሽ ስትሰጪው ምን እንደሚል እንስማ።

በ12 ሰዓት እንዴት ይበቃል ትዪ ይሆናል። ችግርሽ የሰዓቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሁሉም በአንድ ሳምንት መደራረቡ ነው። ቢሮሽም ሂሳብ የሚዘጋው ወር መጨረሻ ነው፤ ደንበኞችሽም የሚፈልጉሽ ወር መጨረሻ ነው። በአንድ ሳምንት ከሁለቱም ወገን ትወጠሪያለሽ። ይህን አንቺ መለወጥ ትችያለሽ። የግብር ቀን አይገፋም፤ ነጋዴው የሚያየው የአንድ ገጽ ዘገባ ግን የግድ በወሩ የመጨረሻ ቀን መዘጋት የለበትም። ለሁለቱ ደንበኞችሽ ወሩን ከ15 እስከ 15 አድርጊላቸው። ከሁሉም ደግሞ ደረሰኙን በየሳምንቱ ተቀበይ። በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ። በየሳምንቱ ከተመዘገበ ወር መጨረሻ ላይ የሚቀርሽ የባንኩን ሂሳብ ከመዝገቡ ጋር ማስታረቅና ያልተሰበሰበውን ማጣራት ብቻ ነው። በወሩ የመጨረሻ ቀን ደረሰኝ በከረጢት ሞልቶ የሚያመጣ ደንበኛ ካለ ሁለት ምርጫ ስጪው፤ ወይ በየሳምንቱ ይላክ፣ ወይ ለዚያ ከረጢት የተለየ ዋጋ ይክፈል። ሁለቱንም ካልፈለገ በሰላም ተለያዩ። ደሞዝ እያለሽ የጀመርሽበት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የማይሆንሽን ደንበኛ «አይሆንም» ማለት ትችያለሽ። ደሞዝ የሌለው ሰው ያንን ከረጢት ተሸክሞ ነው የሚያድረው።

ስለ ዋጋሽ ምንም አልጻፍሽልኝም። ዝቅተኛ ይመስለኛል። ደሞዝ ያለው ሰው ለጎን ሥራው ርካሽ ዋጋ ይጠራል፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው በሌላ ነውና ያገኘው ሁሉ ትርፍ ይመስለዋል። አንቺ ለነጋዴ የምትሠሪውን ለራስሽ ሥሪ። ለአንድ ወር እያንዳንዱን ደቂቃ ጻፊ፤ ስልክ የምታወሪበትን፣ ደረሰኝ ለመቀበል የምትሄጂበትን፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ተብለሽ የምትመልሺበትን ጭምር። ከገቢው ላይ የኢንተርኔቱን፣ የትራንስፖርቱንና የግብሩን ቀንሺ። የቀረውን ለሰዓቱ አካፍይ። ከዚያ የደሞዝሽን የሰዓት ዋጋ አውጪ፤ ጡረታውን፣ የዓመት ፈቃዱንና የሕክምና ሽፋኑን እንዳትረሺ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያለ እኔ ምክር ብዙ ነገር ይገባሻል። ያንቺ ካነሰ ቀጣዩን ደንበኛ በአሮጌው ዋጋ አትቀበዪ። ለነባሮቹም ቀኑን አስቀድመሽ አሳውቀሽ ጨምሪ። የባንክ ሂሳቡንም ለይ፤ ከሚገባው ሁሉ የግብሩን ድርሻ በገባበት ቀን ወደ ሌላ ሂሳብ አዛውሪ። የሂሳብ ባለሙያ ሆነሽ ይህን ስነግርሽ አትቀየሚኝ፤ የሰው ሂሳብ የሚያስተካክሉ ሰዎች የራሳቸውን ሲያደባልቁ ስላየሁ ነው።

ታዲያ መቼ ልልቀቅ? ባለቤትሽ ከልቡ እንደሚያምንብሽ ይታየኛል፤ ግን ማስረጃው ወደ እናትሽም ወደ ጓደኛሽም ያደላል። በ2014 አካዳሚ ኦፍ ማኔጅመንት ጆርናል ላይ የታተመ ጥናት በአሜሪካ ሥራ የጀመሩ ሰዎችን አወዳድሮ ነበር። ደሞዛቸውን ይዘው ጀምረው ቆይተው ሙሉ በሙሉ የገቡት፣ በአንዴ ለቀው ከገቡት ይልቅ ሥራቸው የመውደቅ ዕድሉ በ33 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ምክንያቱ የሚገባ ነው። በትንሽ ኪሳራ እየተማሩ ይቆያሉ፤ ሥራው እንደማያዋጣ የገባቸው ደግሞ ሳይለቁ በጊዜ ይተዉታል። የእናትሽ ተረትም ልክ ነው፤ ሁለቱም ዛፍ ላይ እኩል ለመውጣት ከሞከርሽ። ጣሪያ ያበጀሁልሽ ለዚህ ነው።

የሙያ ባልደረባሽ የሆነ ምሳሌ አለ። ፊል ናይት የሂሳብ ባለሙያ ነበር። በ1964 ከአሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር 500 500 ዶላር አዋጥተው ጫማ እያስመጡ መሸጥ ጀመሩ። ያ ሥራ በኋላ ናይኪ ሆነ። ናይት ግን በሂሳብ ባለሙያነት፣ በኋላም በፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአስተማሪነት ደሞዝ እየበላ ነበር ሥራውን በእግሩ ያቆመው። ሙሉ ጊዜውን የሰጠው በ1969 ነው። ኢቤይን የመሠረተው ፒየር ኦሚድያር ደግሞ በመስከረም 1995 ድረ ገጹን ሲከፍት የሌላ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። የለቀቀው በቀጣዩ ዓመት ከድረ ገጹ የሚገባው ገንዘብ ከደሞዙ ሲበልጥ ነው።

ላንቺ የኦሚድያር መለኪያ ብቻውን አይበቃም፤ የአራት ዓመት ልጅ አለሽ። ከግብር በኋላ የሚቀርሽ ገቢ ስድስት ተከታታይ ወር የቤታችሁን የግድ ወጪ ያንቺን ድርሻ ሲሸፍን፣ የስድስት ወር ወጪ ተቀማጭ ሲኖርሽ፣ ከደንበኞችሽ አንዱም ብቻውን ከገቢሽ ሲሶ በላይ ሳይዝ ሲቀር፣ ያኔ መልቀቅን አስቢ። ዛሬ አራት ደንበኛ ይዘሽ አንዱ ቢወጣ ሩብ ገቢሽ ነው የሚሄደው። ደሞዝ እያለ ያበሳጫል። ደሞዝ ሳይኖር ግን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። የአራተኛው ሰው ነገር ደግሞ ገና በአለቃሽ እጅ ነው፤ ስለዚህ ለጊዜው ሦስት አድርገሽ ቁጠሪ።

የወንድምሽን ብድር በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ደንበኞችሽ ደረሰኙን በስልክ ከላኩ ቢሮ ለምን ያስፈልጋል? ኪራይ በየወሩ ቀኑን ቆጥሮ ይመጣል፤ እሱን ለመክፈል ስትዪ ያንን ባለ ከረጢት ደንበኛ መልሰሽ ትቀበያለሽ። ወንድምሽ ገንዘቡን ለራሱ ያቆየው። ሊረዳሽ ከልቡ ከፈለገ ግን ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ልጅሽን ይዞልሽ ይውጣ። ስድስቱን ሰዓት ሳይቆራረጥ ካገኘሽ ሥራሽ በአራቱ ሊያልቅ ይችላል።